ከመስመሩ በታች

ጽቃልቱቦ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2010 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለልጄ ለኢርማ።

እኔ ከጆሮዬ በቀር ሙሉ ነኝ፤ ልጅሽ ታሶም ከፊት ጥርሷ በቀር ሙሉ ናት። አንቺስ እንደምን ነሽ? ብርዱ፣ ሥራው፣ የሰው ፊት እንዴት ይዞሻል?

ሁለት ደብዳቤሽን ሳልመልስ በመቆየቴ ይቅርታሽን። ታሶ መነጽሬ ላይ ተቀምጣበት አንዱ መስታወት ወልቋል፤ በአንድ ዓይን ነው የምጽፍልሽ። መስመር ባጣምም አትፍረጂብኝ። የስልኩን ነገር ደግሞ ተይው። ከሱኹሚው የጦርነት ጊዜ ድብደባ ወዲህ ይህ ጆሮ ስልክ ሲሰጡት የሚሰማው ጠርሙስ ውስጥ የገባ ንብ ነው። ደብዳቤ የሚያመላልሱልን አውቶቡሱና ሹፌሩ ቫዣ እስካሉ ድረስ ጻፊልኝ፤ ደብዳቤ አይጮኽብኝም።

ሳሉ ለቋታል። ገበያ ስወጣ ይዣት እወጣለሁ፤ እኔ የሱፍ ፍሬዬን ስሸጥ እሷ አጠገቤ ካርቶን ላይ ትቀመጣለች። መዋዕለ ሕፃናቱ ቦታ የለም ይላል፤ ልጅ የሚይዝልኝም ሰው የለኝም።

ስለ ነጥቡ ጠይቀሽኛል። እኔም ሦስት ጊዜ ተሰልፌ ነው የገባኝ። ከእርዳታ ቢሮው አንዲት ሴት ቤትሽ ትመጣለች፤ ያለሽን እያየች ትጽፋለች። ከዚያ ማሽኑ ነጥብ ይሰጥሻል። ነጥቡ ከበዛ ሀብታም ነሽ፤ ካነሰ ደሃ። እንደ ትምህርት ቤት አይደለም፣ እዚህ የሚሸለመው የመጨረሻው ነው። ከመስመሩ በታች የወደቀ ከነፃው ምግብ ቤት ሾርባና ዳቦ አለው፣ ልጁን መዋዕለ ሕፃናቱ ይቀበልለታል፣ ይህ የተጠለልንበት የፍልውሃ ማረፊያ ተሸጦ ሲያስወጡንም ክፍል ይሰጠዋል። ከመስመሩ በላይ የሆነ ግን አንዱም የለው።

ቃልሽን አልረሳሁም። "ከመስመሩ በታች በገባችሁ ማግስት ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ" ብለሻል። ለታሶ ነግሬያታለሁ። ባልነግራት ይሻል ነበር፤ አሁን በየቀኑ "ወደቅን ወይ?" ትለኛለች።

የሕንፃውን ሰው ብታይ በሳቅ ትሞቻለሽ። የቢሮዋ መኪና በር ላይ ስትቆም ፍሪጁ ሁሉ በደረጃ ሽቅብ ይወጣል። ጎረቤታችን ላማራ ቴሌቪዥኗን አልጋ ላይ አስተኝታ ብርድ ልብስ አልብሳ "አማቴ ናት፣ ታማብኛለች" አለች። እኔ የምደብቀው ስለሌለኝ እንቅልፌን እተኛለሁ።

እናትሽ ጺያላ

*

ተሰሎንቄ፣ ጥቅምት 15

እማዬ፣ ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ።

ቫዣ የነገረሽን አትስሚው፤ ወሬ ከመንገዱ ይበልጥ ይረዝምበታል። እጄን ያገኘኝ የጋለ ድስት ነው፣ ሌላ ነገር የለም። የማስታምማት ወይዘሮ ኤቫንቲያም እንደ ድሮዋ ናት። ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ስታጠቢያት ትሰድባለች፣ ስታለብሻት ትመርቃለች። ልጇ ሰው አይደል፣ ድንጋይም አይደል። ሐሙስ ከሰዓት እንድወጣ ይፈቅድልኛል፤ ወጥቼም የምሄድበት ስለሌለኝ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄጄ የአገራችንን አውቶቡሶች ሰሌዳ እያየሁ እቀመጣለሁ።

አሁን ይህን በደንብ አንብቢ፤ በአንድ ዓይንም ቢሆን አንብቢ። አውቅሻለሁ እማዬ። ሰው ደጃፍሽን ሲረግጥ ምን እንደምትሆኚ አውቃለሁ። የቢሮዋ ሴት ስትመጣ ወንበር ስጫት፣ ከጠየቀችሽ ውሃ። ውሃ ብቻ! ከማንም ምንም ዕቃ ተውሰሽ እንዳታመጪ። ጥቁሩን ቀሚስሽን እንዳትለብሺ፣ የአባቴን አሮጌ ካፖርት ደርቢበት። ወለሉ የበሰበሰበትን ቦታ ምንጣፍ አታልብሺው፤ እንዲያውም እግሯ ትንሽ ቢሰምጥ ደግ ነው። ለአንድ ቀን ብቻ ክፉ ሴት ሁኚልኝ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክሽን እንደፈለግሽ ጋብዢ።

ታሶን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ፎቶውን አየሁት። ጥርሷ እኔ ሳላየው ወልቆ ሌላ ሊበቅል ነው።

ኢርማ

*

ጽቃልቱቦ፣ ጥቅምት 17

ይድረስ ለልጄ፣ ሰላምታዬ ከወንዙም ከድንበሩም ቀድሞ ይድረስሽ።

የቫዣ አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ነው አሉ፣ ደብዳቤሽ ገና አልደረሰኝም። እኔ ግን የምሥራቹን ይዤ መቆየት አልቻልኩም። መጣች! ቴኦና ትባላለች። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ በዚህ ጭቃ ስስ ጫማ አድርጋለች፣ አፍንጫዋ በብርድ ቀልቷል። እንደ ልጅ አቀፍኳት።

እንዴት እንዳለፈ መጠየቅሽ አይቀርም። ባማረ ሁኔታ አለፈ። ምንም አላሳፈርኩሽም። ሩብ ሰዓት እቀመጣለሁ ብላ የገባች ልጅ እስኪጨልም ተቀመጠች። ስለ አባትሽ አወራኋት፣ ስለ ሱኹሚ ቤታችን አወራኋት። ስለ አንቺ ሳወራላትማ አለቀሰች፤ እንባዋ ወረቀቷ ላይ ተንጠባጠበ። ስትሄድ ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚህ ሌላ ምን ምልክት ትፈልጊያለሽ? እንዲህ ያለ ልብ ያላት ልጅ እኛን ከመስመሩ በላይ አትጽፈንም።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሳጥብ ዋልኩ። ብርጭቆዎቹን ለላማራ መልሼላታለሁ፤ አንዱ ተሰንጥቆ ፊቷን አጠቆረችብኝ።

ልብስሽን መሰብሰብ ጀምሪ።

እናትሽ

*

ተሰሎንቄ፣ ኅዳር 1

እማዬ፣ እማዬ፣ እማዬ!

ሰላምታ የሚባለውን ሁሉ አንቺ ራስሽ ሙይበት፤ እኔ ቸኩያለሁ። ደብዳቤሽን መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ቫዣ "ምን ሆነሽ ነው?" ብሎ ውሃ ገዛልኝ። በዚያው ሄጄ ለወይዘሮ ኤቫንቲያ ልጅ ነገርኩት፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ እንጂ ከዚያ በኋላ አልቆይም አልኩት። ተኮሳተረ፣ በኋላ ግን እሺ አለ። በእኔ ቦታ አንዲት ቡልጋሪያዊት ትገባለች። አሮጊቷም "ሂጂ፣ ልጅ ያላት ሴት የሰው ገላ ስታጥብ ዕድሜዋን አትጨርስም" አለችኝ። በሕይወቷ የተናገረችው ደግ ነገር ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ታሶ ታውቀኛለች ብለሽ ታስቢያለሽ? እውነቱን ንገሪኝ። ፎቶዬን አይታ ምን ትላለች?

አንድ ነገር ብቻ። የምን ብርጭቆ ነው?

ኢርማ

*

ጽቃልቱቦ፣ ኅዳር 10

ይድረስ ለልጄ። ሁላችንም በሕይወት አለን፤ ብርዱ ገብቷል፣ እንጨት ተሰንጥቋል።

ታሶ ፎቶሽን ከትራሷ ሥር ነው የምታስተኛው። ለሰው ስታሳይሽ "ይቺ የእኔ ናት" ትላለች። ታውቅሻለች።

ማስጠንቀቂያሽ የደረሰኝ ቴኦና በሄደች በአራተኛው ቀን ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛው ላይ ተቀመጥኩ። አሁን አትጩኺብኝ፣ ሁሉን እነግርሻለሁ።

እንደምትመጣ ከሁለት ቀን በፊት ሰማሁ። ያን ጊዜ ወደ ላማራ ሄድኩ። የሰጠችኝን ልዘርዝርልሽ፦ ስድስት ክሪስታል ብርጭቆ፣ ቀዩን ምንጣፍ፣ አራት ወንበር፣ አንዲት ዶሮ። ዶሮዋን በዋልነት ለውዝ ሠራኋት። አይብ የተቀበረበት ዳቦ ጋገርኩ። ወይኑን ከታች ፎቅ አመጣሁ። ላማራ ራሷን ያዘች።

"አንቺ ሴትዮ አብደሻል? ሰው ሁሉ ያለውን ሲደብቅ አንቺ የሌለሽን ታወጪያለሽ?"

"ማዕድ ሳልዘረጋ ሰው ቤቴ ገብቶ አያውቅም" አልኳት።

"እሷ እኮ የምትመጣው ባዶውን ልታይ ነው!"

"ባዶውን ካየች ምን ትለኛለች?"

"ደሃ ትልሻለቻ!"

"እሱን እኮ ነው የፈራሁት።"

እውነቱ ይኼ ነው ኢርማ። ከሱኹሚ በለበስኩት ልብስ ወጥቻለሁ፣ ገበያ ጭቃ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ይህን ሁሉ ችያለሁ። እንግዳ ግን በባዶ ገበታ አስቀምጬ አላውቅም፤ እጄ እንቢ አለኝ። ልጅቷም መጀመሪያ "ሥራ ላይ ነኝ፣ አይፈቀድልኝም" ብላ ነበር። "ሥራ ላይ ያለ ሰው ሆድ የለውም?" አልኳት። በላች። ለሰላም ጽዋ አነሳን፣ ለሞቱብን አነሳን፣ ሦስተኛውን ላንቺ መመለስ አነሳሁ፤ እሱን ቆማ ጠጣችልሽ። ያለቀሰችው ያኔ ነው።

እንጀራዋ የሆነው ወረቀት ጉልበቷ ላይ ነበር። ምን እንደጻፈች አላየሁም። ነጥቡ ገና አልወጣም።

እናትሽ

*

ጽቃልቱቦ፣ ታኅሣሥ 20

ልጄ ሆይ፣

ሦስት ደብዳቤ ልከሽ አንድም መልስ አላገኘሽም። አልታመምኩም። ታሶም አልታመመችም። ብዕሩን እያነሳሁ መልሼ አስቀምጠው ነበር። ሻንጣ ገዛሁ ያልሽኝን ካነበብኩ ወዲህ ደግሞ ጨርሶ ፈራሁሽ።

ወረቀቱ ከመጣ አራት ሳምንት ሆነው። ከመስመሩ በላይ ነን። በጥቂት አይደለም፣ በብዙ። ምንጣፍ አንድ፣ ወንበር አራት፣ ክሪስታል ብርጭቆ፣ ሥጋ የሚበላ ቤት፣ ውጭ አገር የምትሠራ ልጅ ያላቸው። ሁሉም ተጽፏል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እንደገና ለመታየት ዓመት እንጠብቃለን።

ቴኦና ትናንት በእግሯ መጣች። ከደጅ አልገባም አለች፤ በግድ አስገባኋት፣ ዳቦ ግን አላቀረብኩላትም። ደግሞ ይጻፍብኛል ብዬ ፈራሁ። አየሽ ምን እንደሆንኩ?

"እማማ ጺያላ፣ ያየሁትን ካልጻፍኩ ከኋላዬ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ሰው ቤት በልታ ዋሸች ብለው ያባርሩኛል" አለችኝ። "ያ ዶሮ ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል።"

"ዶሮው ጥሩ ነበር፤ የሚያንቅሽ ሌላ ነው" አልኳት። ተሳሳቅን፣ ከዚያ ተላቀስን።

የገበታዬን ውለታ ልትመልስ አንድ መንገድ ይዛልኝ መጥታለች። እኔ ልነግርሽ አፈርኩ፤ እሷ እንዳለችው ልጻፈው። ማሽኑ ነጥቡን የሚያወጣው አንቺን ጨምሮ ነው። እናትየዋ ልጇን ትታ እንደሄደች፣ እንደማትልክ፣ እንደማትጽፍ በገዛ እጇ ጽፋ ከፈረመች ግን ታሶ እናት እንደሌላት ልጅ ትቆጠራለች። ዓመት መጠበቅ የለም። ሾርባው፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ክፍሉ፣ ሁሉም በአንድ ወር ይመጣል። አንቺ የተመለስሽ ቀን ደግሞ ሁሉም ይቀራል።

ይህን ጻፊ አላልኩሽም። የሰማሁትን ነው የነገርኩሽ።

እናትሽ

*

ተሰሎንቄ፣ ጥር 3

እማዬ፣

ደብዳቤሽን ስምንት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ተቆጥቻለሁ። ይቅር በይኝ። አይ፣ ይቅር አትበይኝ፣ ገና ተቆጥቼ አልጨረስኩም።

አራት ሳምንት! በአራት ሳምንት ውስጥ "ኢርማ ሥራሽን አትልቀቂ" የምትል አንዲት ቃል አጣሽ? ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቡልጋሪያዊቷ አልጋዬ ላይ ሻንጣዋን ካስቀመጠች በኋላ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። አሁን መናኸሪያው ጀርባ ከሰባት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል አድራለሁ። በተራ ነው የምንተኛው።

ለአንዲት የቢሮ ልጅ ዶሮ! የእኔ ልጅ ሥጋ ከቀመሰች ስንት ወሯ ነው? ይህን ስጽፍ ምን እንደሚያናድደኝ ታውቂያለሽ? እኔም እዚያ ብሆን ያንኑ ማድረጌ አይቀርም ነበር። አንቺ ነሽ እንዲህ ያሳደግሽኝ። በማን ልፍረድ?

ወረቀቱን አልጽፍም። ለቴኦና ንገሪያት፤ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር የሰው ሽንት የጠረግኩት ልጄን ስለተውኳት አይደለም። ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። ዓመቱን እንጠብቃለን። ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ እኔው መጥቼ ያንን ምንጣፍ በእጄ አቃጥለዋለሁ።

ኢርማ

*

ጽቃልቱቦ፣ የካቲት 2

ይድረስ ለልጄ። የላክሽው ገንዘብ ደርሶኛል፤ ማደሪያ ሳይኖርሽ ለምን ላክሽ? ስድብሽም ደርሶኛል፤ ተገቢ ነው።

ስለ ታሶ ግንባር ቫዣ የነገረሽ እውነት ነው፣ ግን ሦስት ስፌት ብቻ ነው። ውርጩ ከብዶ ገበያ ልወስዳት ስላልቻልኩ በሩን ቆልፌባት ወጣሁ። ምድጃውን አጥፍቼ ነበር፤ እሳት አይደለም። የበሰበሰው ወለል ተሰብሮባት ወድቃ ነው። ላማራ ድምፅ ሰምታ በሩን ሰብራ ገባች። አሁን ደህና ናት፤ ትንሽ ትፈራለች እንጂ። እኔ ስወጣ ቀሚሴን ይዛ ስለማትለቀኝ ገበያ መሄዱን ትቼዋለሁ።

ምግብ ቤቱንስ ሞክረሻል ወይ ላልሽው፣ ሞክሬያለሁ። ድስቴን ይዤ ተሰለፍኩ። ሴትየዋ "ነጥብሽ ስንት ነው?" አለች። ነገርኳት። "በዚህ ነጥብ አንቺ እኔን መጋበዝ ነበረብሽ" አለችኝ። ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ? ለአንድ ቀን ቀዳችልኝ፣ በማግስቱ ግን መለሰችኝ።

ሕንፃው ተሸጧል። ማስታወቂያው በር ላይ ተለጥፏል፤ በትንሣኤ ማግስት ሁሉም ይውጣ ይላል። ላማራ ክፍል ደርሷታል። ከመስመሩ በታች ናት።

ኢርማዬ፣ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በሕይወቴ ሰው ለምኜ አላውቅም፣ አንቺን ግን ልለምንሽ ነው። ቃላቱን ቴኦና በራሷ እጅ ጽፋልኛለች፤ ከዚህ ጋር አለ። እኔ አላነበብኩትም፤ መነጽር የለኝም ብዬ አሳበብኩ።

ስለ ገበታው በየቀኑ እግዚአብሔርን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንቺን ለመጠየቅ ግን አፍ የለኝም።

እናትሽ

*

ላሪሳ፣ የካቲት 14

እማዬ፣

ሥራ አግኝቻለሁ። ከተማው ሌላ ነው፣ የማስታምመው ሰውዬ ሽባ ነው፣ ልጆቹ ሁለት ዓመት ካልቆየሽ ብለውኛል። እሺ አልኩ። ከእንግዲህ የምቸኩልበት ምን አለ?

ተቆጥቼ ጨርሻለሁ። አንቺን አልቆጣም። በአንድ ዶሮ ማን ሀብታም ሆኖ ያውቃል? ይህን በልብሽ ይዘሽ እንዳትሞቺብኝ።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። ይህኛውን አንብበሽ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው፤ ሌላኛውን ስጫቸው። የቀሩት ደብዳቤዎቼም ቤት ውስጥ እንዳይገኙ። ቫዣን አትጠብቂው፤ አውቶቡሱ ግቢው ውስጥ ስለሚቆም ሰው ያያል፣ ሰው ካየ ቢሮው ይሰማል። የምልከው ነገር ካለ በላማራ ስም ይሆናል፣ ያውም በዓመት አንዴ። አትጻፊልኝ። መጻፍሽ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ ጻፊና አስቀምጪው።

አምስት ጊዜ ገለበጥኩት። አምስቱም ላይ "ልጄ" ብዬ እየጻፍኩ አበላሸሁት። የቴኦና ወረቀት የሚለው "ልጅቷ" ነው።

ለታሶ ምን እንደምትያት አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። ወደቅን ወይ ካለችሽ፣ ወድቀናል በያት።

እግርሽን ስሜያለሁ።

ኢርማ

*

ለሚመለከተው ሁሉ

እኔ ኢርማ ሾኒያ ከዚህ በታች ያለውን በገዛ ፈቃዴና በገዛ እጄ ጽፌያለሁ።

ታሶ የተባለችውን ልጅ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ለእናቴ ለጺያላ ሾኒያ ትቻት ሄጃለሁ። ከዚያ ወዲህ ለልጅቷ ገንዘብም ልብስም አልላክሁም፤ ወደፊትም አልልክም። ደብዳቤ አልጻፍኩም፤ ወደፊትም አልጽፍም። የመመለስ ሐሳብ የለኝም። ስለ አስተዳደጓ፣ ስለ ትምህርቷና ስለ መኖሪያዋ የሚወስነው ቢሮው ይሁን።

ልጅቷን የሚመለከት ተጨማሪ ጥያቄ፦ የለም።

ለልጅቷ የሚተላለፍ መልእክት፦ የለም።

ፊርማ፦ ኢርማ ሾኒያ